የአባቴ ጠበቃ

ሰው ኮሌታ ላይ መሣሪያ ከመስካቴ በፊት ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። «ይህ መሣሪያ ወሬ አይሰማም፤ ድምፅም አይቀዳም» እላለሁ። ዳቦ ጋጋሪውም፣ መንገድ ጠራጊዋም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። ይሰማል ያለ የለማ። የሥራ ባልደረቦቼም «ዛሬም ልትዪው ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ሥራችን አየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ መለካት ነው። የሰውየው ወገብ ላይ ትንሽ ፓምፕ እናስራለን፤ ከፓምፑ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ በትከሻው አሳልፈን ከአገጩ ሥር ኮሌታው ላይ እንሰካለን። ቱቦው ጫፍ ላይ የሳንቲም ያህል የምትሆን ነጭ ማጣሪያ አለች። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰውን አየር እሷም አብራው ትስባለች፤ ማታ እንወስዳትና በማግስቱ እንመዝናታለን። ይኸው ነው። ወሬ የሚባል ነገር በአጠገቡ አያልፍም።

ሙያውን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ኬሚስት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሳያየው የሚስበውን ብናኝና ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሥራ ስታጠና ኖራለች። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያ ተሸካሚዎቿ አንዷ ነበርኩ። ጉራ አይሁንብኝና፣ በሙያችን ውስጥ ከእኔ የባሰ መሣሪያ ተሸካሚ እስካሁን አልገጠመኝም።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አናጢ ነው። የሥራ ክፍሉ ከቤታችን ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ክፍል ነበር። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ የአናጢ ቤት በር ስለሆነ ማንም አልጠገነውም። በዚያ ክፍተት የሚገባው የእንጨት ብናኝ መደርደሪያው ላይም፣ ስኳር ዕቃው ላይም፣ ትራሴ ላይም ስስ ቢጫ ሆኖ ይተኛል። እኔ አቧራ ሲፈጠር ጀምሮ ቢጫ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ግራጫ አቧራ ሳይ፣ ቤታቸው የታመመ መስሎኝ አንጀቴን በልተውት ተመልሻለሁ።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ይስላል። ቤቱ የሚነቃው በእሱ ሳል ነበር፤ መጀመሪያ አጫጭሮቹ ይመጣሉ፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ ድምፅ። አባት የሆነ ሁሉ ጠዋት እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር፣ ጺም እንደ መላጨት። እናቴ በዚያ ሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ ሌላውን ጫማ በእጇ እንደያዘች፣ ሳሉ እስኪያበቃ ንቅንቅ አትልም። ፊቷ ጥቁር ይላል። እኔ ያንን ፊት የንዴት ፊት አድርጌ አነበብኩት። እናቴ አባቴን የጠላችው መሰለኝ። ዛሬ እኔም ሰው ሲስል ልክ እንደዚያ ስለማዳምጥ ባለቤቴ ጉንፋን በያዘው ቁጥር «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል።

ጥርጣሬዬን ያጠናከረችው አክስቴ ናት። የእናቴ ታናሽ ነበረች፣ ከእኛው ጋር የምትኖር፣ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ በቃሏ የያዘች። በዚያው ዓመት ከጎናችን የምትኖረው ነርስ ከባሏ ጋር ተፋትታ ነበር። ባልየው ፍራሹን በጋሪ ጭኖ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ለትንሹ ልጁ «ማታ እመጣለሁ» ብሎት ሄደ፤ አልመጣም። አክስቴ ጉዳዩን ስትተነትን «እሷ ብልጥ ናት፤ ማስረጃ ይዛ ነው የቀረበችው» ብላ ነበር። ማስረጃ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቶችን በጋሪ የሚያስወጣ ነገር እንደሆነ ግን ገባኝ።

እንግዲህ እናቴ አንድ ቀን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ለአክስቴ «በቃል ብለምነው አይሰማኝም፤ ማስረጃ ካልያዝኩ አይሆንም» ስትላት ስሰማ ምን ሊሰማኝ እንደሚችል አስቡት። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ቆሌዬ ተገፈፈ።

በማግስቱ ደግሞ ነገሩ ገሃድ ወጣ። እናቴ መሣሪያውን ከላቦራቶሪ አምጥታ አባቴን አንድ የሥራ ቀን እንዲያስረው ጠየቀችው።

«የላቦራቶሪ አይጥ አደረግሽኝ?» አለ አባቴ። «እኔ እንደሆንኩ ምንም አልሆንኩም። ሳል ነው፤ የአባቴም እንዲሁ ነበር።»

«አባትህ ስንት ዓመት ኖሩ?»

አባቴ መሣሪያውን ወደ እሷ ገፋው። «ሥራዬን ከዚህ ቤት ካስወጣሽ እኔንም አስወጣሽኝ ማለት ነው። እወቂው» አለ።

እናቴ መሣሪያውን አነሳችና «እሺ፣ አንተ እምቢ ካልክ ልጅቷ ትሰረው» አለች። «እሷም ሳሉ አለቀቃትም። ቤቱ ውስጥ ምን እንደምትስብ ልየው።»

«ትሰረው። እሷ ወደ ሥራ ክፍሌ ዝር አትልም፤ ማጣሪያሽ እንደነጣ ይመለሳል።»

እኔ የያዘኝ ጉንፋን ለቆኝ ሳሉ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም የምወደውን ጣፋጭ ሽሮፕ ስለሚያሰጠኝ ለመዳን ብዙ አልተጣደፍኩም። ይህን እናቴ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ታውቅ ነበር። የሚያሳስባት የእኔ ሳል እንዳልሆነ፣ አባቴ ለራሱ ሲባል የማያደርገውን ለልጁ ሲባል ያደርግ ይሆናል ብላ እንደተነሳች የነገረችኝ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። በጊዜው እኔ የገባኝ ሌላ ነው። መሣሪያውን ዓይቼዋለሁ። ጫፉ ዜና አንባቢው ክራቫቱ አጠገብ ከሚሰካት ጥቁር ማይክሮፎን ጋር ቁርጥ አንድ ነው። እናቴ ማስረጃ ትፈልጋለች፤ አባቴ እምቢ አለ፤ ስለዚህ ማንም የማይጠረጥራትን ልጅ መረጠች። ጆሮ ጠቢ ሆኜ ተቀጠርኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቀበቶውን ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ፓምፑ ሆዴ ላይ ያንኮራፋል። «በእጅሽ አትሸፍኚው፤ ውሃ አይንካው። ሌላው እንደ ሁልጊዜሽ ነው። የምትሄጂበት ሂጂ፣ የምትጫወቺውን ተጫወቺ» አለችኝ።

«ማውራትስ?»

«አውሪ። አንቺን ማን ከልክሎ ይችላል?» አለችና ፈገግ አለች።

ያን ፈገግታ ሳይ ጨነቀኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን እሷ መሣሪያ አላት፣ ላቦራቶሪ አላት፣ ትምህርት አላት። አባቴ ማን አለው? ወሰንኩ። መሣሪያው የሚሰማው ስለ አባቴ መልካም መልካሙን ብቻ እንዲሆን አደርጋለሁ። አንደበት እንደሆነ ችግር ኖሮብኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ያስቸገረችኝ አክስቴ ናት። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች እናቴን ማማት ጀመረች። «እህቴ እኮ ከተማረች ወዲህ ሻይ እንኳ የምትጠጣው በሚዛን ነው» አለች። ደንግጬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ወደ ኮሌታዬ አመለከትኳት።

«ምን ሆንሽ? ደረትሽን ነው?»

እጄን አወናጭፌ «አይደለም» ለማለት ሞከርኩና አሁንም ወደ ኮሌታዬ አመለከትኩ።

«ደረቷን ነው፣ አፏ እንኳ ተዘጋ» አለችና በጀርባዬ አጋድማ የጉንፋን ቅባት እስከ አገጬ ለቀለቀችኝ። ማጣሪያዬ ሥራዋን የጀመረችው በሜንቶል ነው።

ከአክስቴ እጅ አምልጬ በቀጥታ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። ያን ክፍል አልወደውም ነበር። ማሽኑ ይጮሃል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እዚያ ውስጥ ወሬዬን የሚሰማኝ የለም። አባቴ ለአንድ ትምህርት ቤት የታዘዙ ጠረጴዛዎች እያለሰለሰ ነበር። ከማለስለሻው ሥር የሚወጣው ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እየተሽከረከረ ይወጣል። ቆንጆ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ቆንጆ ነው፣ ምን እንደሚሠራ ባውቅም።

«ምን ጎደለሽ?» አለኝ።

«ምንም። ካንተ ጋር ልውል ነው።»

ፊቱ እንዴት እንደበራ አሁንም ይታየኛል። የጣውላ ክምሩ ላይ አሮጌ ካፖርቱን አንጥፎ ከማሽኑ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ሥራ ገባሁ።

«አባዬ፣ እማዬን ትወዳታለህ?»

«ምን?»

«እማዬን ትወዳታለህ ወይ?»

«አይሰማኝም፤ ጠጋ በዪ።»

ጠጋ አልኩ። ኮሌታዬን በሁለት ጣቴ ይዤ እንደ ዜና ዘጋቢ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ማሽኑ እየሠራ ነው። ብናኙ ጥርሴ ላይ፣ የዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ፣ ኮሌታዬ ላይ ይወርዳል።

«እወዳታለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

«ማንን እንደሆነ አልተሰማም። ሙሉውን በል።»

«እናትሽን እወዳታለሁ። ምን አስጠየቀሽ?»

አልመለስኩለትም፤ ጠበቃ ለደንበኛው ሁሉን አይናገርም። ወደ ካፖርቱ ተመልሼ መከላከያዬን ቀጠልኩ። «አባቴ አምሽቶ አይገባም። አባቴ አይጠጣም። አባቴ የጎረቤት ወንበር በነፃ ይጠግናል። የራሳችንን በር አልጠገነም፤ ግን ሊጠግነው ነው፣ ጊዜ አጥቶ ነው።» አባቴ ምን እየተጫወትኩ እንደሆነ ባይገባውም ሳቀ፤ ሲስቅ ሳሉ ተነሳበት። ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ሳለ። እኔ ኮሌታዬን ወደ አፌ አስጠግቼ «ይህ ሳል ነው፤ ስድብ አይደለም» አልኩ።

ምሳችንንም እዚያው በላን። ከሰዓት በኋላም አልወጣሁም። የማመሰግነው ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። የአናጢ ልጅ በቤቷ ውስጥ በተራ ቀን ምን እንደምትስብ ለማወቅ የተሰጠኝን መሣሪያ ይዤ፣ ከማለስለሻ ማሽን አፍ ሥር ተቀምጬ፣ ለአባቴ ብዬ በአባቴ ላይ ሊሰበሰብ የሚችለውን ብናኝ በሙሉ ስሰበስብ ዋልኩ።

ማታ እናቴ መሣሪያውን ስትፈታልኝ «እንዴት ዋልሽ?» አለችኝ።

«እንደ ሁልጊዜዬ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ወስዳ ፀጉሬን ስታጥበኝ ውሃው ቢጫ ሆኖ ወረደ። ምንም አላለችም። እኔም የተቀጠረ ሰው ስለሆንኩ ምንም አላልኩም።

ማጣሪያዋ የምትመዘንበት ቀን ላቦራቶሪ ካልሄድኩ ብዬ አለቀስኩ። ምክንያቴን አልተናገርኩም፤ ማስረጃዬ መንገድ ላይ እንዳይለወጥብኝ ነበር። የሚዛኑ ክፍል ጠባብና መስኮት የሌለው ነው። ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባበትም፤ ሚዛኑ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከከባድ የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ፊቱን ዞር አድርጎ ነው። ማጣሪያዋ ከመመዘኗ በፊት የክፍሉን አየር እንድትለምድ እዚያው ታድራለች። እናቴ በመቆንጠጫ አንስታ ሚዛኑ ላይ አኖረቻትና ቁጥሩን አየች። አነሳቻት። ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሳ እንደገና አኖረቻት።

«ምን ይላል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ብዙ ነው» አለች። «በጣም ብዙ።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እዚያ ሁሉ ያወራሁት አልቀረም ማለት ነው። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ባሏን በከንቱ በመጠርጠሯ የተጸጸተች መስሎኝ አሳዘነችኝ፤ ክርኗን መታ መታ አደረግኩላት። «ይቅር ይልሻል» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ያን ዕለት እራት ከበላን በኋላ እናቴ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች አውጥታ አባቴ ፊት አኖረች። አንዷ ውስጥ ያልተነካች ነጭ ማጣሪያ አለች። ሌላዋ ውስጥ ያለችው የእኔዋ ናት፤ የካርቶን ቀለም ሆናለች። ወንበሬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ አባቴ እስኪያቅፈኝ ጠበቅኩ።

«ይህ የእሷ ነው?» አለ።

«የእሷ ነው።»

«የአንድ ቀን?»

«የአንድ ቀን።»

አባቴ ሳጥኗን አንስቶ ወደ መብራቱ አስጠጋት። እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ክዳኗን በቀስታ ገጥሞ አስቀመጣትና «ክፍሉን እለቃለሁ» አለ። እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ወሽመጤ ተቆረጠ። ጠበቃ ሆኜ ደንበኛዬን አስፈረድኩበት። ሌሊቱን የተናገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ሳነሳና ስጥል፣ ያጠፋኝ የበሩ ነገር እንደሆነ ደረስኩበት። በሩን እንዳልጠገነ ራሴው ለመሣሪያው ነግሬዋለሁ። ማን ጠየቀኝ?

ብዙም ሳይቆይ ጋሪ መጣ። ማለስለሻው፣ መጋዙ፣ የሥራ ጠረጴዛው ተጫኑ። ሮጬ የጋሪውን ጎን ጨበጥኩና «በሩን እኔ እጠግነዋለሁ፤ አትሂድ» አልኩት። ጋሪ ነጂው አባቴን አየው፤ አባቴ በሩን አየው፤ ማንም ምንም አልገባውም። አባቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከጋሪው ላይ አላቀቃቸው። «የት እሄዳለሁ? ማታ እመጣለሁ» አለኝ። የነርሷም ባል እንዲሁ ነበር ያለው። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አፍንጫዬ እስኪደፈን አለቀስኩ።

ማታ መጣ። ጫማውን እንደ ወትሮው በር ላይ አወለቀ፤ ውሃ ጠየቀ። እኔ ግን መምጣቱን የጥየቃ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። እንግዳ ሆኖ በመጣበት ቤት ብናስከፋው ነገ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ጥሩውን ወንበር አቀረብኩለት፤ ውሃውን የእንግዳ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁለትና «ይጠጡ» አልኩት።

አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ እናቴን ፍለጋ ሄደ። «ይህች ልጅ ምን ሆናለች? አንቱ አለችኝ እኮ» ሲላት ሰማሁ።

ይህ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለሳምንታት አንቱ አልኩት። «እንዴት ዋሉ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው?» እለዋለሁ። ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ሲያዛጋ «መሽቷል፣ እዚሁ ይደሩ እንጂ» ብዬ እለምነዋለሁ፤ ጠዋት አልጋው ላይ ሳገኘው ደግሞ ዛሬም ፈቀዱለት ብዬ እፎይ እላለሁ። በመጨረሻ የገላገለችኝ አክስቴ ናት። «ምን ነክቶሻል? ሰውየው እኮ ቤቱ ነው። የወጣው ማሽኑ ነው» አለችኝ። ያንኑ ቀን ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ተመለስኩ። አባቴ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ፤ መከበሩን ለምዶት ነበር።

አዲሱ የሥራ ቦታው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ፣ ጣራ እንጂ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነበር። እናቴ ብናኙን ስቦ የሚያስወጣ ትልቅ ማራገቢያ አስገጠመችበት፤ አባቴንም አፍና አፍንጫው ላይ መሸፈኛ አስለመደችው። የጋራዡ ሰዎች «ዶክተር» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ መሣሪያውን እሰር ስትለው አንድም ቀን እምቢ አላለም። ሌሎቹንም አናጢዎች ያግባባላት እሱ ነው፤ ሥራዋ ከዚያ ተነስቶ ወደ ዳቦ ቤቶች፣ ወደ ጥጥ ፋብሪካዎች፣ ወደ ጎዳናዎች ሄደ። የጠዋቱ ሳል ወዲያው አልጠፋም። ቀስ በቀስ ረጅሙ ቀረ፤ ከዚያ አጫጭሮቹም ሳሱ፤ የሚቀሰቅሰን ስላልነበረ ሁላችንም አርፍደን የተነሳንበት ጠዋት ትዝ ይለኛል።

እኔ ሙያውን ስማር ነው ነገሩ የገባኝ። መምህራችን የተበላሸ ናሙና ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ከመቀመጫዬ ላይ ውሃ ሆንኩ። መሣሪያው አንዲት ቃል እንዳልሰማኝ ከዚያ በፊትም አውቄ ነበር፤ ያላወቅኩት ያን ሁሉ ብናኝ በገዛ እግሬ ሄጄ እንዳመጣሁት ነበር። አባቴ ያን ክፍል ይወደው ነበር። ከወጥ ቤቱ የሚመጣውን ወሬያችንን እየሰማ፣ ሻዩ እየቀረበለት የሚሠራበት ቦታ ነበር። ያ ክፍል የተወሰደበት በእኔ የተበላሸ ናሙና እንደሆነ እያወቅኩ ዓመታት ኖርኩ። ለሰው ስነግረው እንደ ቀልድ ነበር፤ ለራሴ ግን ቀልድ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ጡረታ ወጣች። መሥሪያ ቤቷ አዳራሹ ውስጥ ሽኝት አደረገላት፤ እኔ እንድናገር ተጠየቅኩ። ይህንኑ ታሪክ ተናገርኩ። ሰው ጥርሱ አልከደን አለው፤ አንቱታው ላይ ስደርስማ አንዱ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ሰዉ ተሰናብቶ ወጣና ሦስታችን ብቻ ቀረን። አባቴ የተናገርኩበትን አትሮኖስ እያንቀሳቀሰ «ይህን የሠራ ሰው አናጢ አይደለም» አለ።

«አባዬ» አልኩት። «ያን ናሙና ዛሬ ተማሪዬ ቢያመጣልኝ አልቀበለውም። በእሱ ሰበብ ነው ክፍልህን የለቀቅከው። ትክክል አልነበረም።»

ቀድማ የመለሰችልኝ እናቴ ናት። «እኔም አልተቀበልኩትም» አለች። «በአንዱም ጽሑፌ ውስጥ የለም። ቅንድብሽ ድረስ የእንጨት ዱቄት ለብሰሽ ነበር፤ የት እንደዋልሽ ለማወቅ ኬሚስትሪ አያስፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አሳየሽው?»

እናቴ የተሰጣትን አበባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «‹ከእኔ ጋር ስለዋለች ነው፤ ይህ አይቆጠርም› እስኪለኝ ጠበቅኩ። ልክ ነህ፣ እንደገና እንለካለን ልለው ነበር። እሱ አላለኝም። እኔም ዝም አልኩ። ስንቱን ሰው ናሙናህ ንጹህ አይደለም ብዬ መልሼአለሁ፤ ባሌን ግን በተበላሸ ናሙና ነው ያሸነፍኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

ሁለታችንም ወደ አባቴ ዞርን።

«የት እንደዋለች እኔ አላውቅም እንዴ?» አለ። «አጠገቤ ነበረች። ያን ያህል ሰዓት አብራኝ ተቀምጣ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«ምን ብዬ ልናገር? ‹ልጅቷ እኔ ጋ ስለዋለች ነው እንዲህ የሆነው› ልበል? ማጣሪያዋም እኮ ያንኑ ነው የነገረችኝ።»

እናቴ ከእሱ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ኖራ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። እጁን ያዘችው።

«ብትነግረኝ እኮ እንደገና እለካ ነበር» አለችው።

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ» አለ አባቴ። «እንደገና እዚያ እንድትቀመጥ አልፈለግኩም።»

ከዚያ እጁን አላቆ ጎንበስ አለና የአትሮኖሱን እግር በጣቱ ነካካ፤ መዶሻ ያላቸው እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቂልኝ አለኝ።